የጉብኝት ቀለም

አይሱዙዋ ከኮዬ ፈጬ ጀርባ ካለው የአቧራ መንገድ ወጥታ አስፋልቱን ስትይዝ፣ የተጫነው የጤፍ ነዶ ወደ ግራ ዘመም አለና ተመለሰ። አስካለማርያም አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ ወደ ኋላ አየች። ገመዱ እንደያዘ ነው።

«አብሽሪ ኢንጂነር» አለ ኑሪ መሪውን እያቃና። «እኔ ያሰርኩት ጭነት ጂቡቲ ደርሶ ቢመለስም አይፈታም።»

«ለነዶው መች ሰጋሁ? እንግዶቹ እንዳይቀድሙን ነው።»

«ባለሥልጣን ደግሞ መቼ በሰዓቱ መጥቶ ያውቃል?»

እውነቱን ነው፤ ግን አላጽናናትም። ነዶውን ሊያመጣ ቃል የገባው ገበሬ ትናንት ድምፁን አጥፍቶ ቀርቷል። እሷም ማለዳ ኑሪን ከእንቅልፉ ቀስቅሳ፣ የክት ቀሚሷ ላይ ጋቢ ደርባ፣ አውድማ ለአውድማ ስትዞር አርፍዳ ነው ይህን ያገኘችው። ኑሪ አባቱ ከወሎ መጥተው ቃሊቲ ላይ በጭነት ሥራ የኖሩ፣ እሱም ያንኑ መሪ የተረከበ ሰው ነው። እሷ የምትሠራበት የማሽን ናሙና ማዕከል ብረት ሲያስጭን የሚጠራው እሱን ነው። ነዶ ሲጭን የዛሬው የመጀመሪያው ነበር፤ ለዚህም መንገዱን ሙሉ ሲያሾፍባት መጣ።

ጊዜው ኮሮናው ረገብ ብሎ፣ ሰው ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ መሄድ የጀመረበት ወቅት ነበር። መንግሥት አዲስ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ፖሊሲ ለማውጣት ደፋ ቀና የሚልበትም ነበር። ረቂቁ ከአንዱ ሆቴል ወደ ሌላው ሲዞር፣ «ባለድርሻ አካላት» የሚባሉ ሰዎች ዙሪያውን ተቀምጠው የታሸገ ውሃ ሲጠጡበትና «ግብዓት» ሲሰጡበት ከርሟል። ሀገር የቱን ማሽን ራሷ እንደምትሠራ፣ የቱን ከሰው እንደምትገዛ የሚወሰነው በዚህ ዓይነት አዳራሽ ነው። ከአዳራሹ ውጭ ያለው ሰው የሚሰማው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። የዛሬው ግን ለየት ይላል። ክቡር ሚኒስትር ዴኤታው ራሳቸው አቃቂ ድረስ መጥተው፣ በማሽን ናሙና ማዕከሉ ግቢ እዚህ የተነደፈ የጤፍ መውቂያ ሲሠራ አይተው፣ እዚያው ድንኳን ውስጥ በረቂቁ ላይ የመጨረሻ ቃላቸውን ይሰጣሉ ተብሏል።

መውቂያውን የነደፈችው አስካለማርያም ናት። ከረቂቁ ያን ሁሉ ገጽ ውስጥ የምትሳሳላት ደግሞ አንዲት አንቀጽ ብቻ ናት፦ መንግሥት የእርሻ ማሽን ሲገዛ፣ እዚህ ሀገር ተነድፎ የተሠራ ካለ ቅድሚያውን ለእሱ ይሰጣል የምትለው። አንቀጿ አጭር ናት፤ ማዕከሉ የተንጠለጠለው ግን በእሷ ላይ ነው። ገዢ የሌለው ናሙና ስንት ዓመት እየተሠራ ይቀመጣል? አንቀጿ ካላለፈች ማዕከሉ በሰኔ እንደሚዘጋና ግቢው ከውጭ ለሚገቡ መኪኖች ማቆሚያ እንደሚሆን ሥራ አስኪያጁ ሳይደብቅ ነግሯቸዋል። አባቷ በባቡር ጥገና፣ እናቷ በፈትል ፋብሪካ ያረጁባት አቃቂ የሰው መኪና ማቆሚያ ልትሆን ነው።

አንቀጿን የጻፏት እሷና ወንድዬ ናቸው፤ ሳሪስ አቦ፣ በእናቷ ቤት በረንዳ ላይ፣ አንድ ቃል እየሰረዙ አንድ ቃል እየጨመሩ። ወንድዬ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ፣ በኋላም እዚሁ ማዕከል አብሯት ሰማያዊ ቱታ ለብሶ ብረት የቆረጠ ሰው ነው። የልጇ የጌዲዮን የክርስትና አባት ሆኖ አበልጅ ከሆኑም ቆይተዋል። ዛሬ የሚኒስትር ዴኤታው አማካሪና የረቂቁ ዋና ጸሐፊ ሆኗል። ያን ቀን በረንዳው ላይ እስክሪብቶውን ከድኖ፣ «እኔ እያለሁ ይቺን አንቀጽ ማንም አይነካትም» ብሏት ነበር። እሷም አመነችው። ማመን እንኳ አይባልም፤ መጠራጠር የሚባል ነገር ጭራሽ አልመጣባትም።

የማዕከሉ መንገድ ጋ ሲደርሱ ትራፊክ ፖሊሱ አይሱዙዋን አስቁሞ ከጎማ እስከ ነዶ ገረመማት። አስካለማርያም መታወቂያዋን አሳየችው፤ እጁን አወዛውዞ አሳለፋቸው። የመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ከትናንት ወዲህ ነጭ ሆኗል። የባሕር ዛፎቹ እግር እስከ ወገብ ኖራ ለብሷል። እዚህ ግቢ እንግዳ ሲመጣ የማይቀባ ነገር የለም። አንድ ጊዜ አንድ ሹም ይመጣሉ ተብሎ የተሰበረ ክሬን ቢጫ ተቀብቶ ቆሞ ነበር፤ ሹሙም «ይሄ ጥሩ ነው» ብለውት አለፉ።

በሩ ላይ ጥበቃው ነዶውን አይቶ ግራ ገባው።

«ለምን ነው ይሄ?»

«ለሰርቶ ማሳያው ነዋ።»

«ለሰርቶ ማሳያው ስንዴ ማለዳ ገብቷል'ኮ ኢንጂነር። አንድ ፒካፕ ሙሉ።»

«ስንዴ? ማን አመጣው?»

ጥበቃው ትከሻውን ነቀነቀ። አስካለማርያም ኑሪን በጥላው ሥር እንዲያቆም ነግራ፣ ጋቢዋን ጋቢና ውስጥ ጥላ ወረደች።

ድንኳኑ ተተክሏል። በጠጠሩ ላይ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ በየወንበሩ ላይ የታሸገ ውሃ አለ። በመሐል አረንጓዴ የተቀባ መውቂያ በፀሐይ ያብረቀርቃል፤ ጎኑ ላይ በነጭ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «አስካለማርያም» ይላል። ጽሑፉን ታውቀዋለች። የጋሼ ወልደሰንበት እጅ ነው። ጋሼ ወልደሰንበት ቀልጦ ለሚፈስ ብረት የእንጨት ቅርጽ የሚያወጡ የማዕከሉ አንጋፋ አናጢ ናቸው። ከወርክሾፑ የሚወጣን የማንኛውንም ማሽን የመጀመሪያ ሥራ ቀብተው የነዳፊውን ስም ይጽፉበታል። ማንም አያዛቸውም፣ ማንም አይከለክላቸውም፤ የቤቱ ወግ ነው። ለእሷ ማሽን ግን «እስኪያልቅለት» እያለች ስታስቆማቸው ነበር የከረመችው። ዛሬ ስሟን ስታየው ደስ ሊላት ነበር።

ቀረብ ስትል ደስታዋ ቆመ። የእሷ ማሽን ጎኑ ላይ ብየዳው ሁለቴ የተደገመበት ሻካራ ቦታ አለው፤ ይሄ ልስልስ ነው። የእሷ ማራገቢያ አፉ ጠባብ ነው፤ ጤፍ ቀላል ስለሆነ ነፋሱ ከበረታበት ከገለባው ጋር ይበራል። ለዚያ ጠባብ አፍ ስትል ነው ሦስት መኸር የለፋችው። የዚህ አፍ ግን እንደ በርሜል ክፍት ነው። ከውጭ የሚመጣ የስንዴ መውቂያ ነው። ጣቷን አስጠጋች፤ አረንጓዴው ገና አልደረቀም፣ እጇ ላይ ቀረ።

ወንድዬ በድንኳኑ አፍ ላይ ማይክ እያስተካከለ ነበር። ሱፉ ጥቁር ነው፣ ባጁ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ይሄ የማን ማሽን ነው?» አለችው።

«ያንቺ ነዋ። ስምሽን አታዪውም?»

«ወንድዬ።»

ፈገግታውን ሰብስቦ ክንዷን ይዞ ከድንኳኑ ጀርባ ወሰዳት።

«አስኩ፣ አድምጪኝ። አምና ኤግዚቢሽኑ ላይ የማሽንሽ ማዞሪያ ቺንጋ ሲበጠስ አልነበርሽም? ሰው ሲስቅ አልሰማሽም? ሰውዬው ማሽን ሲቆም ትዕግሥት የላቸውም። ዛሬ ቢቆም ፖሊሲውም አብሮ ይቆማል። አንድ አስመጪ ነው ለዛሬ ያዋሰን። ይሥራ፣ ይዩት፣ ይጨብጨብ፣ አንቀጿ ትለፍ። ነገ የራስሽን ታወጫለሽ።»

«ነዶውን ያስቀረኸው አንተ ነህ?»

«ጤፍ ለዚህ አይሆንማ።»

«የኔስ የት ሄደ?»

«መጋዘን ነው። ምንም አልሆነም።»

«ስሜስ?»

«እሱን አላዘዝኩም፣ እውነቴን ነው። ለጋሼ ወልደሰንበት የአስካለ ሁለተኛ ሞዴል ነው፣ አካሉን ውጭ አሠርተንላት ነው ብዬ ቀለም ብቻ እንዲቀቡት ነገርኳቸው። ስሙን በራሳቸው ጻፉት።» ትንሽ አሰበና፣ «ግን ክፉ አልሆነም» አለ።

አስካለማርያም ደሟ ፈላ። ያን ሽማግሌ እንደ ሕፃን መዋሸቱ፣ እሷን ደግሞ በራሷ ስም መሸፈኑ። ልትጮህ አፏን ስትከፍት ከበሩ በኩል የሞተር ብስክሌት ሳይረን ተሰማ። እንግዶቹ ደርሰዋል።

«በጌዲዮን ይዤሻለሁ» አለ ወንድዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለዛሬ ብቻ ዝም በይ።»

በልጇ ይዟት ምን ትበል? አንቀጿም አለች፣ ሰኔም አለ፣ ከቆርቆሮው ሥር ቱታቸውን አጥበው ለብሰው የተሰለፉት ሠራተኞችም አሉ። ዋጠችው። አረንጓዴ የነካውን ጣቷን በመዳፏ ውስጥ ደብቃ ሰልፉ ውስጥ ገብታ ቆመች።

ሚኒስትር ዴኤታው አጠር ያሉ፣ ፈጣን፣ ለማዳመጥ ራሳቸውን ዘንበል የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ክፉ ሰው አይመስሉም ነበር። ከሠራተኛው ጋር በክርን ሰላም ተባባሉ፤ አስካለማርያም ጋ ሲደርሱ ማሽኑ ላይ የተጻፈውን አይተው፣ «አስካለማርያም ማለት አንቺ ነሽ?» አሏት።

«እኔ ነኝ ክቡርነትዎ።»

«በርቺ። ሀገር የሚፈልገው እንዳንቺ ያሉትን ነው።»

ምስጋናው አፏ ውስጥ መረራት። ሞተሩ ተነሣ፣ ስንዴው ተጎረሰ፣ በአንድ በኩል ጥርት ያለ እህል ይወርድ ጀመር። ጭብጨባ ሆነ። ካሜራ የያዙት ወጣቶች ከእህሉ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ እህሉ ይመላለሳሉ። ጋሼ ወልደሰንበት ከሰልፉ ጫፍ ሆነው ዓይናቸው እንባ አዝሏል። ኩራታቸውን ስታይ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እሳቸው የሚያጨበጭቡት ለእሷ ነው።

ከዚያ ሁሉም ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ሥራ አስኪያጁ እንኳን ደህና መጣችሁ አለ፤ ወንድዬ ማይኩን ተቀበለ። ድምፁ የማታውቀው የስብሰባ ድምፅ ነበር።

«ክቡርነትዎ አሁን እንደተመለከቱት፣ በአጭር ጊዜ እዚህ ደረጃ መድረስ ተችሏል። ይህ የሚያሳየን፣ ለዓመታት በንድፍና በሙከራ መቆየት ሳያስፈልግ፣ ያለቀለትን ቴክኖሎጂ አምጥቶ እዚህ በመገጣጠም ውጤት ማግኘት እንደሚቻል ነው። ከዚህ ተሞክሮ በመነሣት የግዢ አንቀጹ ላይ መጠነኛ ማስተካከያ ተደርጓል።» ወረቀቱን አነሣ። «መንግሥት የእርሻ ማሽን ሲገዛ፣ በሀገር ውስጥ ለተገጣጠመ ቅድሚያ ይሰጣል።»

አስካለማርያም አንቀጿ እስክትደገም ጠበቀች። አልተደገመችም። «ተነድፎ የተሠራ» የሚለው የለም። አውጥቶታል። በእናቷ በረንዳ ላይ ማንም አይነካትም ያላትን ቃል፣ በማይክ፣ በእሷ ስም በተቀባ የሰው ማሽን አስመስክሮ አወጣው። ማሽኑ ለዛሬ የተዋሰ አልነበረም። ነገ የሚገዛው እሱ ነው፤ ዛሬ የመጣው ለመታየት ነው።

ከዚያ ሳታስበው ተነሥታ ቆማ ነበር።

«ክቡርነትዎ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ።»

ወንድዬ፣ «አስተያየት ከሻይ በኋላ ነው» አለ።

«አስተያየት አይደለም። ማሽኑ የጤፍ መውቂያ ተብሎ ነው የቀረበው። ጤፍ ሲወቃ ይዩልኝ። ነዶው ደጅ አለ።»

ሚኒስትር ዴኤታው ሰዓታቸውን አዩና ፈገግ አሉ። «ባለቤቷ ከጠየቀች ምን ገዶን? እንይዋ።»

ወንድዬ ማይኩን እንደያዘ ቀረ። ኑሪ ነዶውን ተሸክሞ ምንጣፉን ረግጦ ሲመጣ የፕሮቶኮል ሰዎቹ ሊያስቆሙት ቃጡ፤ እሱ ግን፣ «እለፉልኝ ወገን፣ ዓይናችሁን እንዳይወጋችሁ» እያለ አለፋቸው። ሞተሩ ተነሣ። ጤፉ ተጎረሰ።

እህል መውረጃው ላይ ምንም አልወረደም። በገለባው አፍ በኩል ግን አንድ ቡናማ ደመና ወጣ። ገለባና ጤፍ ተቀላቅሎ ድንኳኑን፣ ምንጣፉን፣ የታሸገውን ውሃ አለበሰው። የሚኒስትር ዴኤታው ጥቁር ኮት ላይ ጤፍ ዘነበበት። አንዱ ካሜራውን ሸፍኖ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ከሠራተኛው መሐል ሳቅ ያመለጠው ሰው ነበር። ሞተሩ ተዘጋ።

«ይሄው» አለች አስካለማርያም፤ ከምንጣፉ ላይ ገለባ ዘግና በመዳፏ እያሸች ጤፉን አሳየቻቸው። «እህሉ ያለው እዚህ ነው። ይህ ማሽን የስንዴ ነው፣ ከውጭ የመጣ ነው። የኔ አይደለም። የኔ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበታል።»

ሚኒስትር ዴኤታው ኮታቸውን ማራገፋቸውን ትተው ወንድዬን አዩት። «እውነት ነው?»

አስካለማርያምም አየችው። ሁሉም ነገር በአንድ ቃሉ ላይ ቆሞ ነበር፤ እሱም ያውቃል። አብረው በበሉበት ዘመን ሁሉ ዋሽቶ አያውቅም ልትል ትችል ነበር። ወንድዬ ዓይኑን ከእሷ ላይ አንሥቶ ማሽኑ ላይ አሳረፈ።

«ክቡርነትዎ፣ የተጻፈበትን ያዩታል» አለ።

ሰውዬው ዞር አሉ። «ማነው ይሄን የጻፈው?»

ጋሼ ወልደሰንበት ከሰልፉ ወጡ። የሆነው ሁሉ አልገባቸውም ነበር። የገባቸው አንድ ነገር ነው፦ ማሽኑ ስለተበላሸ ልጅቷን ሥራዋን ሊነጥቋት፣ የአንቺ አይደለም ሊሏት ነው። ዝም ብለው ሊያዩ አልቻሉም።

«እኔ ነኝ ጓድ... ይቅርታ፣ ጌታዬ። የእሷ ነው። እኔ ምስክሯ ነኝ፣ ንድፉ ላይ ከእሷ በቀር ማንም እጁን አላስገባም። አንድ ቀን ቢያስቸግር ሥራዋ አይናቅባት።»

«ጋሼ ወልደሰንበት» አለች አስካለማርያም። ከዚህ በላይ ብትናገር ሽማግሌውን በሰው ፊት ውሸታም ማድረግ ነው።

ሚኒስትር ዴኤታው ለሽማግሌው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው አመሰገኑ። ለእሷ ግን እንደ ቅድሙ ፈገግ አላሉም። «ክፍተት ያጋጥማል፤ ሥራሽን መካድ ግን ጥሩ አይደለም» አሏት። ቀጥለውም ወደ ወንድዬ ዞረው፣ «በሙከራ ላይ ጊዜ አናጥፋ። የሚሠራ ማሽን እናምጣ፣ እዚህ እንገጣጥም። ምርምሩ ቀስ ብሎ ይደርሳል። አንቀጹ በተስተካከለው ይሂድ» አሉ። በቃ። የሀገሪቱ ፖሊሲ እንዲህ ሆኖ ወጣ። የሚሠራ ማሽን ይምጣ የተባለው አይሠራም ተብሎ የተናቀው ያው ማሽን መሆኑን ግቢው ውስጥ በእርግጥ የሚያውቁት ሁለቱ አበልጆች ነበሩ።

መኪኖቹ አንድ በአንድ ዞሩ። ወንድዬ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«በስሜት አበላሸሽው አስኩ። ዝም ብትይ ኖሮ ለማዕከሉ የመገጣጠም ሥራ እናመጣለት ነበር። ሰው ሥራ አያጣም ነበር። እኔም ብቻዬን አይደለሁም፣ ከበላይ የመጣ ነገር አለ።»

«ዝም ብዬልህ ነበር'ኮ» አለችው። «በልጄ ስትይዘኝ ዝም ብዬ፣ ስሜን አስለብሰህ ስታቆመው ዝም ብዬ፣ ሲጨበጨብ ዝም ብዬ ነበር። አንቀጿን እስክታነብ ድረስ ዝም ብዬልህ ነበር።»

ወንድዬ መስኮቱን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። «ጌዲዮንን በእሑድ መጥቼ...»

«አትምጣ። ከዛሬ ወዲያ በልጄ አትያዘኝ።»

መስኮቱ ተዘጋ። መኪናው ነጭ በተቀቡት ድንጋዮች መሐል አልፎ ወጣ።

የመጋዘኑ ቁልፍ ሥራ አስኪያጁ ጋ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ እንግዶቹን ሊሸኝ ሄዷል። ኑሪ ከአይሱዙዋ ብረት አምጥቶ ጓጉንቸሩን ሰበረው። የእሷ ማሽን ከአሮጌ ጎማዎች ኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ ተደርጎ ቆሟል። አልተቀባም፤ ብየዳው ያስታውቃል፣ ዝገትም ጀምሮታል። ሠራተኞቹ ሳይጠሩ መጥተው ገፉት። ጋሼ ወልደሰንበት በሩ ላይ ቆመው አንዴ ይሄን፣ አንዴ ደጅ ያለውን አረንጓዴ አዩ። ሁለቱን ሲያነጻጽሩ ፊታቸው ቀስ በቀስ ተለወጠ። ምን እንደተደረገባቸው፣ ምን እንዳደረጉም ያኔ ገባቸው።

«ስምሽን እኔ ነኝ የጻፍኩት» አሉ። «ማንም አላዘዘኝም። ደስ ይልሻል ብዬ።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ሊነጥቁሽ መስሎኝ'ኮ ነው። በእኔ አፍ ገደሉሽ።» ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው እጃቸው ላይ አዟዟሩት። አስካለማርያም በእሳቸው ልትቆጣ ፈልጋ አልቻለችም። ቁጣዋ የሚገባው ሰው በመኪና ሄዷል፤ እሷ ጋ የቀረው የሚወዳት ነው። ይህ ከሁሉ በላይ አንገበገባትና አለቀሰች።

ቺንጋውን አጠበቁ። ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ተነሣ። ኑሪ የተረፈውን ነዶ እያቀበለ፣ እሷ እያጎረሰች፣ ጤፉ ከጠባቡ አፍ ሥር ባለው ወንፊት አልፎ ጆንያው ውስጥ ይወርድ ጀመር፤ ቀስ ብሎ፣ ገለባውም ለብቻው በሌላ በኩል። ማሽኑ አልቆመም። ምንጣፉ እየተጠቀለለ፣ ድንኳኑ እየፈረሰ ነበር። ሠራተኞቹ ከበው ያያሉ እንጂ አንድም ሰው አላጨበጨበም።

ጆንያው ሲሞላ ሞተሩን አጠፋችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። አረንጓዴው አልለቀቀም።

«ቲነር አለ ጋሼ?»

አመጡላት፤ ጨርቅም ጨመሩበት። አስካለማርያም ደጅ ባለው ማሽን ፊት ተንበርክካ ስሟን ከመጨረሻው ፊደል ጀምራ ታሸው ጀመር። ቀለሙ ገና ትኩስ ስለነበር አላስቸገራትም። ነጩ ከአረንጓዴው ጋር ተደባልቆ ሲለቅ፣ ከሥሩ የሰው ሀገር ፋብሪካ ሰማያዊ ወጣ። የመጀመሪያው ፊደል ላይ ስትደርስ ጋሼ ወልደሰንበት አጠገቧ ቁጢጥ ብለው ሌላ ጨርቅ ይዘው ያግዟት ጀመር።

ከጨረሱ በኋላ ሽማግሌው ቡርሻቸውን አንሥተው ያልተቀባውን ማሽን አዩ።

«በእውነተኛው ላይ ልጻፍልሽ?»

ጨርቁን አጣጥፋ ቲነሩን ከደነች።

«ይቅር ጋሼ። በዚህ ግቢ ሁለተኛ ስሜ እንዳይጻፍ።»

ወደ ማሽኗ ተመልሳ ሞተሩን አስነሣች፤ ገና ሁለት ነዶ ቀርቶ ነበር።